ከመክሳት ማግስት

የግራ እግሬ ትንሿ ጣት የለችም። የተቆረጠችው በጥር 2009 ዓ.ም. ነው። "ስኳር ነው ያሳጣኝ" ብል አልዋሸሁም። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ 31 ኪሎ ቀንሼ፣ ስኳሬ ተስተካክሎ፣ ሐኪሜ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብሎ ሸኝቶኝ ነበር። መክሳቱን ችዬበት ነበር። ያልቻልኩበት ከስቶ መኖርን ነው። እሱን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን የምጽፈው ዛሬ በእኔ ቦታ ያለ ሰው ሳይጠይቅም ቢሆን እንዲሰማው ብዬ ነው።

እናቴም የስኳር በሽተኛ ነበረች። አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሲቆረጥ እኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የቤታችን በረንዳ ሦስት ደረጃ ነበረው። እማዬ ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት እነዚያን ሦስት ደረጃዎች ያለ ሰው ድጋፍ ወርዳ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትሄደው ወንድሞቼ ደግፈዋት ነበር። ስለዚህ በግንቦት 2006 ዓ.ም. የጾም ስኳሬ 243 ሆኖ ሲገኝ፣ ሐኪሙ "ጤነኛው ከ100 በታች ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር እንላለን" እያለ ሲያስረዳኝ፣ በዓይኔ የሚመላለሰው ያ በረንዳ ነበር። የዚያን ቀን 108 ኪሎ ነበርኩ። ስዳር 61 ነበርኩ። በመካከሉ ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፤ 17 ዓመትም በሒሳብ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

ሜትፎርሚን ታዘዘልኝ፤ "ክብደት ቀንሺ" ተባልኩ። ቀነስኩ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በላሁ። አንድ ነጋዴ "ስብ ያቀልጣል" ብሎ የሸጠልኝን የማቅጠኛ ሻይ ጠጣሁ፤ ኋላ እንደተረዳሁት ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነበር እንጂ የሚያቀልጠው ስብ አልነበረም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ መስቀል አደባባይ እየሄድኩ ከሯጮቹ ጋር ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ጉልበቴ ያብጥ ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ 77 ኪሎ ገባሁ።

የሰው ነገር ያኔ ተጀመረ። "ምን ሆነሽ ነው?" "ደህና አይደለሽም እንዴ?" "ተመርመሪ እስኪ።" አንዲት ጎረቤቴ ጠበል ይዛልኝ መጣች። አልፈርድባቸውም። በ1990ዎቹ የኖርን ሰዎች ኤች አይ ቪ ስንቱን አክስቶ እንደወሰደ አይተናል፤ መክሳት በእኛ ሰፈር የሞት ደጃፍ ነበር። ከዚያም በፊት ቢሆን መወፈር የመጥገብና የመመቸት ምልክት ሆኖ ኖሯል። "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" የተባልኩበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ግን በገዛ እጅ ለመዳን የከሳ ሰው በየቀኑ "ታመሻል" ሲባል ልቡ እንዴት እንደሚሰበር የቀመሰው ያውቀዋል።

ክብደቱ የተመለሰብኝ ከፋሲካ ጀምሮ ነው። ቀኑንም አልረሳውም፤ ሚያዝያ 4 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። የፋሲካ ዕለት ግን አይደለም ያወፈረኝ። አንድ ቀን ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ ቢበሉ ማንም አይወፍርም። ያወፈረኝ ማግስቱ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ኀምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ሁዳዴን 55 ቀን ጾመን ስንወጣ ኀምሳ ቀን ሙሉ የሚያቆመን ነገር የለም። ሰርጉም፣ ክርስትናውም፣ የአክፋይ መጠራራቱም በዚያ ወቅት ይበዛል። ለጤነኛ ሰው ይህ የደስታ ጊዜ ነው፤ ይሁንም። ለእኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀነስኩት ነገር መመለስ የጀመረበት ነበር። ክብደት በመቀነስ ላይ ላሉ ሁሉ የበዓሉን ዋዜማ ሳይሆን እነዚያን ኀምሳ ቀናት ተጠንቀቁ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አንባቢዬ እንዲያምነኝ እፈልጋለሁ። ሆዳም አልሆንኩም። ቁርስ ጥቂት ፍርፍር፣ ምሳ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር፣ አልፎ አልፎ መክሰስ፣ ማታ ከልጆቼ ጋር እራት። 108 ኪሎ ሳለሁ እበላው ከነበረው ያንስ ነበር። እሱን እየበላሁ ግን በየወሩ ሁለት ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ረሃቤም አልበርድ አለኝ። ከገበታ ተነስቼ ሰዓት ሳይሞላ ያው ረሃብ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ሌሊት ነቅቼ ከመሶቡ እንጀራ በደረቁ እቆርስና እንደ ሌባ ቆሜ እበላ ነበር። ራሴን ረገምኩ። "ያንቺ ነገር እንዲሁ ነው፣ ጸንተሽ አትቆሚም" አልኩት።

6 ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ አካባቢ፣ እግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ያኔ 12 ወይም 13 ዓመት ቢሆነው ነው። በአንድ ብር ይመዝን ነበር። ስቀንስ በየሳምንቱ እሱ ጋ እመዘን ነበር፤ "እትዬ፣ ዛሬም ወርዷል!" እያለ እኩል ይደሰት ነበር። መጨመር ስጀምር መንገዱን ተሻግሬ በማዶ በኩል ማለፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን አይቶኝ በእጁ ጠራኝ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። ሐኪም ቤቱንም እንዲሁ አደረግሁት። ያ "እንኳን ደስ ያለሽ" ያለኝ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልቁም? 14 ወር ሙሉ ቀጠሮዬን ቀረሁ። መድኃኒቱንም አንድ ቀን ስውጥ ሦስት ቀን እረሳለሁ።

የሚያውቁኝ ሁሉ ደስ አላቸው። "እሰይ፣ ተመለሰልሽ! ፊትሽ ሞላ!" ብለው ሳሙኝ። የእናቴ እህት፣ አክስቴ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አመሰገነች። በመስከረም 2009 ዓ.ም. 111 ኪሎ ነበርኩ።

ለገና አዲስ ጫማ ገዛሁ። ትንሽ ጠበብ ይል ነበር፤ ለሁለት ቀን ለበዓል አደረግሁት። ትንሿን ጣቴን ልጧት እንደነበር አልተሰማኝም፤ ስኳር ነርቭን ሲጎዳ የሕመም ስሜትን ይወስዳል። ያወቅሁት ካልሲዬ ረጥቦ ሳየው ነው። ከዚያም ለአራት ቀን በጨው ውኃ እያጠብኩ ለባለቤቴም ሳልነግር ቆየሁ። አምስተኛው ቀን ትኩሳት ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ሆስፒታል ስደርስ ስኳሬ 468 ነበር። ጣቴ ጠቁራለች። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ አላድበሰበሰም፤ "ጣቷ ዛሬ ካልወጣች ነገ እግሩን ነው የምንነጋገረው" አለኝ። ፈረምኩ። ያን ሌሊት ሳልተኛ ያሰብኩት የእማዬን በረንዳ ነው።

ሆስፒታል 19 ቀን ተኛሁ። ያዳነኝ ቀዶ ጥገናው ነው፤ የቀየረኝ ግን አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ወጣት ናት፣ ልጄ ልትሆን ትችላለች። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስንት ኪሎ እንደቀነስኩ፣ ምን እየበላሁ እንደቀነስኩ ጠየቀችኝ። ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። "ከቀነሱ በኋላ ይርብዎት ነበር?" አለችኝ። እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ሁልጊዜ፤ በልቼም፣ ተኝቼም" አልኳት። "እሱ የእርስዎ ድክመት አይደለም። ሰውነትዎ ረሃብ የገባ መስሎት ነው" አለችኝ። አለቀስኩ። ጣቴ ስትቆረጥ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለማወቅ ያላነበብኩት የለም። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጥናቶቹን እየፈለገች ታስረዳኝ ጀመር። የሰውነታችን ስብ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን የተገኘ ነው። ሥራው ለአእምሮ "ስንቁ በቂ ነው" ብሎ መንገር ነው። ስቡ ሲቀንስ መልእክተኛውም ይቀንሳል፤ አእምሮም ጎተራው እንደጎደለ ቆጥሮ ረሃቡን ያበረታል፣ ወጪውን ይቆጥባል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በአመጋገብ የቀነሱ ሰዎችን ከዓመት በኋላ ሲመረምር የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ገና ወደ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አገኘ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ "ዘ ቢገስት ሉዘር" በሚባል የቴሌቪዥን ውድድር በአማካይ 58 ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎችን እነ ኬቨን ሆል ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረምሯቸው 41 ኪሎው ተመልሶባቸዋል። ሰውነታቸው ደግሞ ተቀምጦ የሚያቃጥለው ኃይል ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያንስ ነበር። ይህ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እኔ በማዶ በኩል እያለፍኩ ራሴን በምረግምበት ዓመት!

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በክፉ ቀንም፣ በ1977ቱ ረሃብም የተረፈው ሰው የተረፈው በዚሁ ጥበብ ነው፤ ሰውነት ጥቂቱን አብቃቅቶ ነፍስ ያቆያል። ረሃብን እንደኛ የሚያውቅ ማን አለ? እኔ በቀን አንዴ እየበላሁ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ደረጃ እየሮጥኩ ገላዬን በክፉ ቀን ውስጥ አስገብቼው ነበር። ክፉው ቀን አለፈ ብዬ ስተወው እሱ አላለፈም ብሎ ማከማቸቱን ቀጠለ። ሆልና ባልደረቦቹ እንዳሰሉት ለተቀነሰ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰው ፍላጎት በቀን ወደ 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ሰው በየዕለቱ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቁጣ አይበቃም፣ ስእለትም አይበቃም። ሳያስቡት የሚሠራ ልማድ ነው የሚያስፈልገው።

በየካቲት 2009 ዓ.ም. ከሆስፒታል ስወጣ 107 ነበርኩ። ወደ 81 የወረድኩት በ18 ወር ነው፤ ቀስ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ እየበላሁ፣ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ክብደት ስለመቀነስ የሚጽፍ ሞልቷል። የምጽፈው ከነሐሴ 2010 ወዲህ ስላሉት ሰባት ዓመታት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ገበታው ነበር። እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ከትሪ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፤ እንጀራው ያልቃል፣ ይጨመራል፣ ወጡ ይደገማል። ባለሙያዋ "ለብቻዎ በሳህን ይብሉ" ብላኝ ነበር። ሞከርኩት። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ግን በሦስተኛው ቀን ትንሹ ልጄ "እማዬ፣ ተጣልተሽን ነው?" አለኝ። ሳህኑን መለስኩት። ከዚያ በኋላ የያዝኩትን ዘዴ እስከ ዛሬ አልለቀቅሁም፦ ከዚያው ትሪ ፊት ለፊቴ ድርሻዬን አስቀምጣለሁ፤ ከአንድ እንጀራ ግማሹን፣ ከወጡ ሁለት ጭልፋ፣ ከጎመኑ ወይም ከሰላጣው የፈለግሁትን። እሱ ሲያልቅ እጄን እሰበስባለሁ፤ ከገበታው ግን አልነሳም። የመጨረሻው ሰው እስኪጨርስ እየተጫወትኩ እቀመጣለሁ። ቤተሰቤ ያጣው የእኔን አፍ አልነበረም፤ እኔን ነበር።

ጉርሻው ሌላ ነው። "አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን ይዘው የሚቆሙትን፣ "አፈር ስሆን!" የሚሉትን ምን ይሏቸዋል? አክስቴን ቁጭ ብዬ አነጋገርኳት። የተቆረጠውን ጣቴን አሳየኋት፤ እስከዚያን ቀን አላየችውም ነበር። "ይህ የመጣው ወፍሬ ነው፣ እቴቴ" አልኳት። ዝም ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወዲህ የምታጎርሰኝ ጎመን ነው፤ ትንሽ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ። ፍቅሯ ቅንጣት አልጎደለም። ሰዎቻችን ክፉ ሆነው አይደለም የሚጫኑን። ያልነገርናቸውን ስለማያውቁ ነው።

ጾም ያከሳል የሚለውን እምነት ደግሞ ከቤቴ አስወጣሁት። የጾም ምግብ ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ቀላል ይመስላል። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ድንች ወጡን የሚያጣፍጠው ግን ዘይት ነው፤ በመሀል ሳምቡሳው፣ ብስኩቱ፣ ዳቦው አለ። በቤታችን ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ነበር የሚንቆረቆረው። አሁን በሾርባ ማንኪያ ይለካል፤ ለአንድ ድስት አራት ማንኪያ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ከዚያ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል ነው ዘዴው፤ እማዬ ዘይት በጠፋበት ዘመን እንዲያ ታበስል ነበር። ጣዕሙ አልጎደለም። እስከ 9 ሰዓት መጾሙን ግን ትቻለሁ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ውሳኔ መጾም አደገኛ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወጋማ ስኳሩ ድንገት ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ከሐኪሜም ከንስሐ አባቴም ተመካክሬ ነው የወሰንኩት። አባ "ለታመመ መድኃኒቱ አይከለከልም፤ ከአፍሽ ይልቅ ከክፉ ነገር ጹሚ" አሉኝና ባረኩኝ። ጠዋት ቅንጬ ወይም የገብስ ቂጣ፣ በፍስክ ቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላል እበላለሁ። ቁርስ በበላሁበት ቀን ሌሊት ወደ መሶቡ አልሄድም።

ቡናዬን ያለ ስኳር መጠጣት ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቡና ቁርሱን ፈንዲሻ አደረግሁት። የቱርክ ተከታታይ ድራማውን ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን አወረድኩት፤ በቴሌቪዥን ፊት የምበላውን ነገር እጄ እንጂ አእምሮዬ አያውቀውም ነበር።

እግር መንገድ ትልቁ ነው። ቤቴ ሽሮ ሜዳ፣ ሥራዬ 4 ኪሎ ነው። ጠዋት 6 ኪሎ ስንደርስ "ወራጅ አለ!" እልና ከታክሲ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ቁልቁል በእግሬ ነው። ማታ ግን ከ4 ኪሎ ሽሮ ሜዳ ድረስ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ፣ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መጀመሪያ አካባቢ የአሜሪካ ኤምባሲ አጥር ጋ ስደርስ ትንፋሼ ያልቅ ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዳገቷም ቀላል አይደለም። ጣት የጎደለው እግር ሚዛኑ ስለሚለወጥ ሰፊና ለስላሳ ጫማ ነው የማደርገው። ማታ ማታ እግሬን በለብታ ውኃ ታጥቤ፣ በጣቶቼ መካከል አድርቄ፣ ውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ሳያደርግ አይተኛ። ክረምት ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲጠና፣ የመሥሪያ ቤታችንን አምስት ፎቅ በምሳ ሰዓት ሁለት ጊዜ እወጣለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም፣ አልሞክርም።

እነዚህን ልማዶች ይዤ ከቆየሁ በኋላ ነው ልጄ ስለ አንድ የአሜሪካ መዝገብ ያነበበችልኝ። ሬና ዊንግና ጄምስ ሂል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመሩት ነው። ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆዩ ሰዎችን ይመዘግባል፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል። አቀናነሳቸው የተለያየ ነው። አኗኗራቸው ግን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። 78 በመቶው በየቀኑ ቁርስ ይበላሉ። 75 በመቶው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ። 62 በመቶው በሳምንት ከ10 ሰዓት ያነሰ ቴሌቪዥን ያያሉ። 90 በመቶው በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ይንቀሳቀሳሉ፤ ብዙዎቹም በእግር ጉዞ ነው። ልጄ ስታነብልኝ ውቅያኖስ ማዶ ያሉ፣ እንጀራ የማያውቁ ሰዎች የእኔን ቀን የሚውሉ መሰለኝ። ብቻዬን አይደለሁም አልኩ።

በጣም ያቆየኝ ግን ሚዛኑ ነው። ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከፋሻዬ ጋር፣ የባለቤቴን ክንድ ይዤ፣ 6 ኪሎ ልጁ ጋ ሄድኩ። አድጓል። "እትዬ፣ የት ጠፉ?" አለኝ። "ታምሜ ነበር" አልኩት። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ በዝግታ ነበር የነገረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እመዘናለሁ፤ በደብተር እጽፋለሁ። ወደ 81 ከወረድኩ ወዲህ 83 ድንበሬ ነው። 83ን ካለፍኩ ራሴን አልሳደብም፣ ምግብም አልዘልም፤ ለሁለት ሳምንት ግን መክሰስ ይቀራል፣ ዳቦ ይቀራል፣ ማታ በእግሬ የምሄደውን መንገድ ጠዋትም በእግሬ እሄደዋለሁ። ሁለት ኪሎን መመለስ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። 30 ኪሎን መመለስ ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ። የፋሲካን ማግስት ቅዳሜ ደግሞ በተለይ ላለማሳለፍ እጠነቀቃለሁ።

ተፈትኛለሁም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መሥሪያ ቤታችን አብዛኞቻችንን ወደ ቤት ሰደደን። ዳገቱ ቀረ፣ ልጁም ከመንገድ ጠፋ፣ ፍርሃት ደግሞ ያስበላል። የፋሲካው ኀምሳ ቀንም በዚያው መጣ። ለሦስት ወር አልተመዘንኩም። በሰኔ ቀሚሴ ጠበበኝ፤ ያ የድሮው ሐፍረት በሆዴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ መስታወቱን መሸሽ ጀምሬም ነበር። አንድ ማለዳ ተነስቼ መርካቶ ሄድኩና የራሴን ሚዛን ገዛሁ። 88 ኪሎ። ቁጥሩን በደብተሬ ጽፌ ለባለቤቴ አሳየሁት፤ ለሐኪሜም ደወልኩለት። ለአምስት ወር ግቢ ውስጥ እየተመላለስኩ ወደ 82 መለስኩት። ያን ጊዜ ከ2007ቱ የለየው ሐሳቤ መጽናቱ አይመስለኝም። ቁጥሩን ለሰው ማሳየቴ ነው።

ሜሪላንድ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። እዚያ ብዙዎች የሚወጉትን አዲሱን መርፌ ወስዳ 18 ኪሎ ቀነሰች፤ የጤና መድኅኗ መክፈል ሲያቆም ተወችው፤ በዓመቱ አብዛኛው ተመለሰባት። እያለቀሰች ደወለችልኝ። መርፌው ያለበት ንጥረ ነገር፣ ሴማግሉታይድ፣ በተጠናበት ጊዜ ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንደተመለሰባቸው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ሲቆም ሥራውም ይቆማል። ይህን ነገርኳት፤ ያቺ ባለሙያ ለእኔ ያለችውንም ደገምኩላት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጥራችንን እንለዋወጣለን። እሷ የምትልክልኝ በሌሊቷ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ 80 ኪሎ ከ600 ግራም ነበርኩ። የሦስት ወር ስኳሬ 6.3 ነው። የቀሩት ዘጠኝ ጣቶቼ ደህና ናቸው። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ሚዛኑም ከጎኑ አለ። የራሴ ሚዛን ቤቴ ቢኖርም በወር አንድ ጊዜ እሱ ጋ እመዘናለሁ።

እህቴ፣ ወንድሜ፦ ቀንሳችሁ ሦስት አራት ኪሎ ተመልሶባችሁ ከሆነ፣ ሚዛን ከመሸሽ ዛሬ ተመዘኑ፤ ቁጥሩን ለአንድ ለሚወዳችሁ ሰው አሳዩ። መድኃኒት ያላችሁ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። የሐኪም ቀጠሮ ካላችሁ ወፍራችሁም ቢሆን ሂዱ። እኔ 14 ወር የቀረሁት ከሐፍረት የተነሳ ነው።